ስም የተጻፈበት ጣሪያ

ባለፈው ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ብለን፣ እዚህ ሰበታ የማድ ቤታችንን ጣሪያ ልናስቀይር አናጢ ጠራን። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ እኔ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። ሰውዬው መሰላሉን ወጥቶ የመጀመሪያውን ሚስማር ሲነቅል ያ ድምፅ መጣ። የዛገ ሚስማር ከቆርቆሮ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ሲጥታ የሰማ ያውቀዋል፤ ጥርስ ያፋጫል። እኔን ግን የነካኝ ጥርሴን አይደለም። እጄ አረፋ እንደሆነ ተነስቼ ከግቢ ወጣሁ። ባለቤቴ ደንግጦ ተከተለኝና "ምን ሆንሽ?" አለኝ። "ራሴን አመመኝ" አልኩትና ጎረቤት ገብቼ ሥራው እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።

ራሴን አላመመኝም። ቡራዩ ትዝ ብላኝ ነው። የእህቴ ሠርግ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያንን ድምፅ ከአንድ ጣሪያ ሙሉ ሚስማር ሰምቼው ነበር።

ያደግነው ከአምቦ መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ ካለ ሰፈር ነው። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። እህል የሚያስፈጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዕድሜ የሚበልጡት እንኳ "ኦቦ" እያሉ ነበር የሚጠሩት። ማታ ቅንድቡ በዱቄት ነጭ ሆኖ ሲገባ እናቴ "ዛሬም አርጅተህ መጣህ" እያለች ትስቅበታለች። ጸሎቱ የተጀመረው በእኛ ሳሎን ነበር። መጀመሪያ እኛና ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ነበርን። ቀስ እያለ ሳሎኑ ሞላ፣ በረንዳው ሞላ፣ ግቢው ላይ ሸራ ተወጠረ። እናቴ ለዚያ ሁሉ ሰው ሻይ ታፈላ ነበር፤ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማሁም።

ቤታችን ውስጥ ከአማርኛና ከኦሮምኛ የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። አባቴ ጸሎት በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። መዝጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ጥፍሩ ውስጥ የገባው ዱቄት ከታጠበም በኋላ እየታየ፣ "ሞቲን ኬኛ ሲ ቆፋ" ይላል። ንጉሣችን አንተ ብቻ ነህ ማለት ነው። ሲለው ከልቡ ነበር። የኋላውን ስነግራችሁ ግብዝ ነበር ብላችሁ እንዳትፈርዱበት ነው ይህን ቀድሜ የምላችሁ። ግብዝ ቢሆንማ እንዴት በተገላገልኩ።

ወንጌላዊው ያኔ ገና ወንጌላዊ አልነበረም። ከሰፈራችን በላይ ካለው ካባ፣ ከድንጋይ ማውጫው፣ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ መዳፉ እንደ ድንጋዩ የሻከረ ጎረምሳ ነበር። ወላጆቹ ሞተውበት ታናሽ ወንድሙን ብቻውን ያሳድጋል። አንድ ቀን እህል ሊያስፈጭ መጥቶ አባቴ ወደ ጸሎት ጋበዘው፤ በዚያው ቀረ። ከኋላ ያለችው ክፍል ተሰጥታቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ዓመታት ከእኛ ጋር ኖሩ፤ በእኛ ገበታ በሉ፤ እናቴ ልብሳቸውን ከእኛ ልብስ ጋር አጠበች። ቃሉን ማስተማር ሲጀምር ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማው ሆነ። ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የላከው አባቴ ነው። "ይህ ልጅ ቀኝ እጄ ነው" ይል ነበር። እሱም አባቴን "አባባ" ነበር የሚለው።

ታናሽ ወንድሙ ዝምተኛ ነበር፤ የሚናገረው በኪቦርድ ነው። እህቴ ደግሞ የኳየሩ መሪ ነበረች። ድምፅዋን ልገልጸው ብሞክር ይበላሽብኛል፤ እናቴ ብቻ "ይህቺ ልጅ ስትዘምር የወጥ ድስት ያርርብኛል" ትል እንደነበር ልንገራችሁ። ሁለቱ ከልጅነታቸው አብረው ስላደጉ መቼ ወንድምና እህት መሆናቸውን ትተው ሌላ ነገር እንደሆኑ ያስተዋለ የለም። እኔ ያወቅሁት እሷ ስትዘምር እሱ የኪቦርዱን ቁልፎች ማየት ሲተው ነው። ለሽማግሌ እንኳ ሳይደርስ አባቴ ሳቀና "ልጄ ለልጄ፤ ምን ሽማግሌ ያስፈልገዋል?" አለ። ያ ቀን በቤታችን ካየኋቸው ደስ ከሚሉ ቀኖች አንዱ ነበር።

ስለ ጣሪያው ልንገራችሁ። ሸራው አልበቃ ሲል ቦታ ተገኘና ጸሎት ቤት መሥራት ተጀመረ። ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፣ ጭቃ ተመረገ፤ ለጣሪያው እያንዳንዱ ቤተሰብ የአቅሙን ቆርቆሮ እንዲያመጣ ተባለ። የሰጠው ሰው ስም በቆርቆሮው የውስጥ ገጽ፣ ከሥር ሲታይ እንዲነበብ፣ በቀይ ቀለም ይጻፍ ያለው አባቴ ነው። "ልጆቻችን ቀና ብለው ያያሉ። 'አባቴ ለጌታ ይህን ሰጠ' ይላሉ" አለ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እናቴ ብቻ ነበረች የተቃወመችው።

"ለእሱ ሰጥተን ስናበቃ ስማችን እዚያ ላይ ምን ይሠራል? አያውቀንም እንዴ?" አለችው።

"አንቺ ደግሞ" አላት እየሳቀ።

ስሞቹ ተጻፉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ትኮሪበት ነበር ብትሉኝ አልክድም፤ ስብከት ሲረዝም ቀና ብዬ የእኛን ስም እፈልጋለሁ። የአባቴ ቆርቆሮዎች ከመድረኩ በላይ መሃል ላይ ነበሩ። የወንጌላዊው አንዲት ነበረች፤ ድንጋይ ፈልጦ የገዛት፤ ከበሩ በላይ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ስለሚጮህ ስብከቱ ይቆማል፤ ያኔ እስኪያባራ ድረስ እንዘምራለን። ሰባኪ ከማዳመጥ ይልቅ ዝናብ እንዲመጣ የምንጸልይ ልጆች ነበርን።

ነገሩ መቼ እንደተበላሸ ብትጠይቁኝ ቀኑን አላውቀውም። ቡራዩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቤት በቤት ሆነች፤ ከከተማ ኪራይ የሸሸ ሁሉ ወደኛ መጣ። አዲሶቹ ሰዎች አባቴን አያውቁትም። የሚያውቁት ወንጌላዊውን ነው፤ የመጡትም እሱን ሰምተው ነው። አባቴ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ስለሆነ መድረኩ ላይ ባለ መደገፊያ ወንበር ነበረው፤ ሌላው ሰው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። አንድ እሁድ ስንገባ ከጎኑ ሁለተኛ ባለ መደገፊያ ወንበር ቆሟል። ማን እንዳመጣው የጠየቀ የለም። አባቴ ቀና ብሎ አየው፣ ተቀመጠ፣ መዝሙር መጽሐፉን ገለጠ። እቤት ስንመለስ ግን ምሳ አልበላም።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ሹክሹክታ ነው። ወንጌላዊው መጋቢ መባል ይፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹ ከእሱ ሥር እንዲሆኑ ይፈልጋል። አባቴ ቤቱን የመሠረትኩት እኔ ነኝ ይላል። ሁለቱም ደግሞ ሥልጣን አልፈልግም ይሉ ነበር። "እኔ ምንም አልፈልግም፤ ጌታ ካለ ግን እምቢ አልልም።" ይህን ቃል ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ፤ ያው አንድ ቤት ነበር የኖሩት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። አባቴ ከቤተክርስቲያን አንዲት ሳንቲም አልበላም፤ ወንጌላዊውም እንዲሁ። የጣማቸው ሌላ ነገር ነው። ሲገቡ ሰው ብድግ ሲልላቸው የሚሰማቸው ነገር ነው።

ቤቱን ማን እንደሚመራ ምርጫ ይደረግ ተባለ። ከምርጫው በፊት የአባቴ ወገን ጾም ያዘ። የወንጌላዊው ወገንም ያዘ። እናቴ የሁለቱንም ሰማችና "እንግዲህ እግዜር የማንኛቸውን ሆድ ይስማ?" አለች፤ ያን ቀን እሷ በላች።

በዚሁ መሃል ነው የእህቴ ሠርግ የደረሰው። በእኛ ቤተክርስቲያን ሰው ዝም ብሎ አይጋባም። ሦስት እሁድ ከመድረክ ይነገራል፤ እገሌና እገሊት ሊጋቡ ነው፣ የሚቃወም ካለ ለሽማግሌዎች ይናገር ይባላል። የሚያነበው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው። ሦስተኛው ካልተነበበ ሠርግ የለም። የመጀመሪያውን አባቴ አነበበው፤ "የሚቃወም ካለ" ካለ በኋላ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየ "ወፍጮ ቤት መጥቶ ያናግረኝ" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። በሁለተኛው እሁድ ቀልድ አልነበረም፤ አነበበና ተቀመጠ።

ምርጫው በሦስተኛው እሁድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተደረገ። የዚያን ቀን ወንጌላዊው የሰበከው እስራኤል ሳሙኤልን ንጉሥ አንግሥልን ስላሉበት ቀን ነበር። እግዚአብሔር ለሳሙኤል፣ የናቁት አንተን አይደለም፣ በላያቸው እንዳልነግሥ እኔን ነው የናቁት እንዳለው ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ። የአባቴ ወገን አሜን አለ፤ ቃሉ ለወንጌላዊው የተላከ መስሎት። የወንጌላዊው ወገን የበለጠ አሜን አለ፤ ለአባቴ የተላከ መስሎት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ለእኔ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። አንዳንዱ ሁለቴ አውጥቷል ተባለ፤ አባል ያልሆነ ገብቷል ተባለ፤ መጮህ ተጀመረ። ሁለቱም ወገን እኛ አሸንፈናል ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እሁድ እህቴ የኳየር ልብሷን ለብሳ ከኛ ከዘማሪዎቹ ጋር ቆማለች። የማስታወቂያ ሰዓት ሲደርስ አባቴ ተነሣ። ወንጌላዊውም ተነሣ። ሁለቱም ማይኩን ያዙ።

"ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የማነበው" አለ አባቴ።

"አባባ፣ ትናንት ተወስኗል። ላንብበው፣ የወንድሜ ነው" አለ ወንጌላዊው።

"የልጄም ነው!"

ሁለቱ በፍቅር ነበር የሚጣሉት ብል ታምኑኛላችሁ? ሁለቱም ለሙሽሮቹ መልካም ነገር ሊያደርጉ ነበር የተነሡት። ማንኛቸውም ግን ሌላው ሲያነብ ቁጭ ብሎ መስማት አልቻለም። ማይኩ በሁለቱ እጅ መሃል ሲጮህ ሰው ጆሮውን ያዘ። አንዱ መብራቱን አጠፋው። የእህቴ ጋብቻ ሦስተኛ ማስታወቂያ ሳይነበብ ጉባኤው ተበተነ።

ሰኞ ማታ አባቴ እህቴን አስጠራት። "ልጁ በድሎኝ አያውቅም። ከወንድሙ ይለይና በሕዝብ ፊት ከኛ ጋር ይቁም፤ በነጋታው እድራችኋለሁ" አላት። በዚያው ሳምንት ወንጌላዊው ለወንድሙ እንደዚያው ብሎታል፤ እሷ ወደ እኛ ትምጣ ብሎ። ሁለቱም እነዚያን ልጆች በየፊናቸው እንደ ባንዲራ ሊሰቅሏቸው ፈለጉ። እህቴ አባቴን "እኔ ለማንም ወገን አልቆጠርም፤ እሱም አይቆጠርም። ማግባት ነው የምፈልገው" አለችው። እናቴ "ልጅቷ ትክክል ናት" አለች። አባቴ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ኳየር ልምምድ ነበረን። የመጣነው ጥቂቶች ነን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በእህቴ ምክንያት ነው ኳየር የገባሁት። እጮኛዋ ኪቦርዱ ፊት ተቀምጧል፤ ሙሽሮች ሲገቡ የሚዘመረውን ለሌሎች ሠርግ ስንዘምረው የኖርነውን መዝሙር ይዘናል፤ እህቴ ለራሷ ሠርግ ልታለማምደን። ሦስተኛው ማስታወቂያ ቀረ ብላ ሠርጉን አልተወችም። ይህን ነገሯን አስባለሁ። ሠርጉ የእሷና የእሱ መስሏት ነበር።

ጣሪያው ላይ የእግር ኮቴ ሰማን። ከዚያ የሚስማር ሲጥታ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ከበላያችን አንድ ቆርቆሮ ተነሳና የጠዋት ፀሐይ አንድ ስንዝር በማይሞላ ክፍተት ገባች፤ ክፍተቱ ሰፋ፣ ብርሃኑ ወንበሮቹ ላይ በአራት ማዕዘን ተዘረጋ። የዓመታት አቧራ ወረደ፤ የወፍ ጎጆ ወረደ፤ ሣሩና ላባው እህቴ ትከሻ ላይ አረፈ። የባሕር ዛፉ እንጨት ፀሐይ ሲነካው ደረቅ ሽታ ሸተተ። የአባቴ ወገን ሌላ ቤት ሊሠራ ቆርጦ፣ ስማችን ያለበትን የእኛን እንወስዳለን ብሎ በመሰላል መጥቶ ነበር። ወሬው ደርሷቸው የወንጌላዊው ሰዎች እየሮጡ መጡ። አቁሙ የሚሉ መስሎን ነበር። እነሱም የራሳቸውን እንዳይወሰድባቸው በሌላ በኩል መሰላል አቁመው መንቀል ጀመሩ።

አንዱ ከላይ ስሙን አንብቦ ይጣራል፤ ባለስሙ ከታች ይቀበላል። ቀለሙ ለቆ ስሙ የማይነበበው ላይ ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ቆርቆሮ በየጫፉ ይዞ ይጓተታል። የአንዱ መዳፍ ተቆርጦ ደም አየሁ። ኪቦርዱ በድንገት ዝም አለ፤ አንድ ሰውዬ ሶኬቱን ነቅሎ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። "የማን ነው?" አለው የእህቴ እጮኛ። "የሰጠነው እኛ ነን" አለ ሰውዬው ሳያየው። እህቴ ያለ ኪቦርድ ቀጠለች። የሙሽራ መግቢያውን መዝሙር እስከ መጨረሻው ዘመረችው። እኛ መቀበል አቅቶን ቆመናል።

ስትጨርስ ወጥታ አባቴ የቆመበት መሰላል ሥር ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

"አባ፣ ሦስተኛው ማስታወቂያ የት ሊነበብ ነው?" አለችው።

"አዲስ ቤት እንሠራለን" አለ ወደ ላይ እያየ።

"እሱስ?"

"ከመጣ ይምጣ።"

"አባ፣ ማታ ማታ ንጉሥ አንተ ብቻ ነህ የምትለው ለማን ነው?"

አባቴ ዞሮ አያት። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አልነበረም፤ የዝገት ብናኝ ነበር። አፉን ከፈተ፤ የሚናገር መሰለኝ። ከላይ ስሙ ተጠራ። ቆርቆሮውን ሊቀበል እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ "ግቢ ወደ ቤት" አላት።

እኩለ ቀን ላይ ከጸሎት ቤታችን የቀረው የእንጨት አጥንቱ ነበር። ከቤተክርስቲያናችን ዋና ቢሮ መልእክተኞች ሊያስታርቁ በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የተነቀለ ቆርቆሮ አዲስ ቦታ ሲመታ አሮጌው የሚስማር ቀዳዳ ያፈሳል። የአባቴ አዲስ ጸሎት ቤት አፈሰሰ፤ የወንጌላዊውም ታች መንገዱ ዳር የተሠራው አፈሰሰ። ሁለቱም በካትራም ደፈኑት፤ በጋ ሲሆን ካትራሙ ቀልጦ ሰው ላይ ይንጠባጠባል። ዛሬ እኔ እዚህ ሰበታ በማመልክበት ቤት በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። ጣሪያውን ቀና ብዬ አላይም። ንጉሥ አንተ ብቻ ነህ ሲባል ከሰው ጋር አሜን እላለሁ፤ አምናለሁም። ግን ያን ቃል ስንለው እሱ ምን እያለ እንደሚሰማን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከቅዳሜው በኋላ ወራት አልፎ ልጁ አንድ ቀን ፊት ለፊታችን ካለችው ሱቅ መጥቶ እህቴን አስጠራት። ባለሱቋ ሙስሊም ናት፤ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ታውቃቸዋለች፤ ጓዳዋን ለቀቀችላቸውና እኔን በር ላይ አቆመችኝ።

"ማዘጋጃ ቤት እንሂድ። ሁለት ምስክር ይበቃል" አላት።

"ከዚያስ? ከወንድምህ ቤት ትወጣለህ?"

"እሱ ነው ያሳደገኝ" አለ።

"እኔንም አባቴ ነው ያሳደገኝ" አለችው።

ፈሪዎች ነበሩ የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ያሳደጋቸውን ሰው ንቀው መሄድ ያልቻሉ ልጆች ነበሩ። ትልልቆቹ ግን እነሱን ረግጠው መሄድ ችለዋል። ባለሱቋ ሲወጣ ብስኩት በላስቲክ ሰጠችው፤ እንደ ድሮው፤ ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም። በዓመቱ ወንድሙ ከራሱ ምዕመናን አንዲት ልጅ መርጦ ዳረው፤ ሱሉልታ ቤት ተከራይተው ገቡ ሲባል ሰማን።

እህቴ አላገባችም። ጠያቂ ሳይጠፋ ነው። መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆነች፤ ልጆቹን ፊደል ታስቆጥራለች፣ ቁጥር ታስቆጥራለች፤ መዝሙር የምታስዘምረው ግን ሌላዋ አስተማሪ ናት። ስለዚያ ነገር አንስታ አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። አባቴ ሰብሳቢነቱን እስከ እርጅናው ያዘው፤ እሁድ እሁድ የሚሰበሰቡለት ቤተሰቦች ግን አንድ አግዳሚ ወንበር ሊበቃቸው ትንሽ ነው የሚቀረው። ወንጌላዊውም መጋቢ ሆነ፤ ሕዝቡ በዝቶለት ሳለ ያሳደገው ረዳቱ ግማሹን ይዞበት ሄደ። ይህን የሰማሁ ቀን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም።

እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳኑን የተከለው ዕድሩ ነው፤ ዕድር ወገን አይለይም። በሁለተኛው ቀን ወንጌላዊው ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። አባቴ ከተቀመጠበት ፍራሽ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ።

"እናትህ ሄደችብህ" አለው።

"አባባ" አለ ወንጌላዊው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ያለቀሱት ከአንጀታቸው ነው፤ ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ከኋላ ያ ልጅ፣ አሁን ልጅ አይደለም፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ቆሟል። እህቴ አጠገብ ሲደርስ ጉንጯን ሳማት፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላት። "አሜን" አለች። ሚስቱንም ሳመች፤ ልጆቹን ሳመች። ወደ ጓዳ ስትገባ ሰው ውሃ የጠየቃት እንጂ ሌላ ነገር የሆነ አይመስልም ነበር።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ድንኳኑ ሲፈርስ ወንጌላዊው አልሄደም። ሳሎን ገብተው ከአባቴ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። እናቴን እያነሱ፣ የካባውን ዘመን እያነሱ፣ ቀስ በቀስ ሳቅ መጣ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ነውር አይደለም፤ ሰው ያስባል፣ ይስቃል። ግን ጣሪያውን አነሱት።

"ያ ጣሪያ!" አለ አባቴ። "ምን ነክቶን ነው ያኔ?"

"ሰይጣን ነዋ አባባ! ሌላ ማን ይሆናል?"

"እውነትህን ነው፤ ሰይጣን ነው" አለ አባቴ ራሱን እየነቀነቀ፤ የወንጌላዊውን ጉልበት መታ መታ አደረገ።

ሰይጣን መሰላል ተሸክሞ ሲመጣ አላየሁም። መሰላሉን ከወፍጮ ቤታችን ጓሮ ሲያወጡት ነበር ያየሁት። እሳት ሆንኩ። እንዲህ በአንድ እቅፍ የሚያልቅ ነገር ከሆነ ያ ሁሉ ዓመት ምን ነበር? ወደ ጓዳ ገባሁ። እህቴ ሻይ እየቀዳች ነበር።

"ትሰሚያቸዋለሽ?" አልኳት። "እየሳቁ እኮ ነው! አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

"ምን ልትያቸው?"

"ምን እንዳደረጉሽ!"

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ሳሎን ተመለከተች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል፤ የአባቴ ነጠላ ግማሹ በወንጌላዊው ጉልበት ላይ ወድቋል።

"ተያቸው" አለች። "አባ ከእማ በኋላ ሰው ያስፈልገዋል።"

ትሪውን ይዛ ገባች። ለአባቴ ሰጠችው። ወንጌላዊው ከኋላ ክፍላችን ይኖር በነበረ ጊዜ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር የሚጠጣው፤ እናቴ "ይሄ ልጅ ሻይ ሳይሆን ሽሮፕ ነው የሚጠጣው" ትለው ነበር። እህቴ ሳትጠይቀው ሦስት ማንኪያ ጨመረች፣ አማሰለች፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት። እሱ ብርጭቆውን አየና በመዳፉ ከደነው።

"ስኳር ከተውኩ ቆየሁ ልጄ። ስኳር በሽታ ይዞኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ ጋሼ?"

"ኧረ ብዙ ዓመቴ ነው። የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ የተወለደች ሰሞን ነው የተነገረኝ።"

"አላወቅሁም" አለች እህቴ። ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ ሻዩን ደፋች፣ ብርጭቆውን አለቀለቀች፤ ሌላ ያለ ስኳር ቀድታ ወሰደችለት።